ገበያው ነበር፤ ሻጩ አልመጣም

የኢትዮጵያ ፊልም አምራቾች ለዓመታት ሁለት ነገር ሲሉ ኖረዋል። አንደኛው፣ ትንንሽ የክፍለ ሀገር ከተሞች ለፊልም ገበያ አይሆኑም የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ፊልሞቻቸው በየክፍለ ሀገሩ ያለ ፈቃድ እየተባዙና እየታዩ ለኪሣራ ዳረጓቸው የሚል ነው። ሁለቱ አባባሎች ግን አብረው ሊሄዱ አይችሉም። ፊልም የሚሰረቀው ፈላጊ ስላለው ነው። ፈላጊ ካለ ገበያ አለ። የጎደለው ዕቃውን በጊዜውና በሸማቹ አቅም ልክ የሚያቀርብ ነጋዴ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑት በጎጃም መንገድ ላይ የተደረደሩት ከተሞች ናቸው። መራዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ሠላሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ያንኑ መንገድ ይዞ ለወረደ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላምና ደምበጫ ይከተላሉ። ሁሉም የእህል በረንዳ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያና የገበያ ቀን አላቸው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የምዕራብ ጎጃም ዞን ነዋሪ ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶው አሥር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የመራዊን ወይም የቡሬን ገበያ በከተማው ነዋሪ ቁጥር ብቻ የሚለካ ነጋዴ ሂሳቡን ከመነሻው ተሳስቷል። የእነዚህ ከተሞች ደንበኛ በገበያ ቀን ጤፉን፣ በቆሎውንና በርበሬውን ጭኖ የሚመጣው ገጠር ጭምር ነው።

አዳራሽ ያለ ፊልም

ፊልም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ ከተከፈቱት ቀደምት የፊልም ማሳያዎች አንዱን ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙ የሰውን ጥርጣሬ ያሳያል፤ ጥርጣሬው ግን ተመልካቹን ከበር አልመለሰውም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ደግሞ ሲኒማ የገዢው ፕሮፓጋንዳ መሣሪያ ሆነ። በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ የተሠሩት ሲኒማ ቤቶች የዚያ ዘመን ውጤቶች ናቸው። ግንባታው የተከተለው ጦር ሰፈሩንና የአስተዳደር ማዕከሉን እንጂ ገበያውን አልነበረም።

በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በቡሬ በኩል አድርገው ወደ ደብረ ማርቆስ ዘልቀዋል። ታሪክ በመንገዱ አለፈ፤ ሲኒማ ቤት ግን ከዚያም በኋላ የትልቅ ከተማ ዕቃ ሆኖ ቀረ። የመጀመሪያው ረዥም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» በ1957 ዓ.ም. ተሠራ። ከዚያ በኋላ የመጣው «ጉማ»ም ቢሆን የተሠራው የማሳያ ቦታ ላለው የትልቅ ከተማ ሕዝብ ነበር።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ። የአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶችም በመንግሥት እጅ ገቡ። በ1970ዎቹ የፊልም ማዕከል፣ ኋላም የፊልም ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ «አስቴር»ን የመሰሉ ሥራዎችም የወጡት ከዚያ ቤት ነው። ትንሿ ከተማ በበኩሏ በዚያ ዘመን ያገኘችው የቀበሌ አዳራሽ ነው። ጣሪያና ግድግዳ፣ ከፊት ለፊትም ከፍ ያለ መድረክ ነበረው። ስብሰባ ይደረግበታል፣ የኪነት ቡድን ይዘፍንበታል። ጎጃም በግሽ ዓባይ የኪነት ቡድኑ ስም ያተረፈው በዚያ ጊዜ ነው። ፊልም ግን ለአዳራሹ የሚመድብለት አልነበረም። በሌላ አነጋገር መንግሥት መደብሩን ሠርቶ ዕቃውን ሳያስገባበት ቀረ። ኮርፖሬሽኑም 1990ዎቹ ሳይጋመሱ ፈረሰ።

የቪዲዮ ቤቱ ሂሳብ

ለመሆኑ ትንሿ ከተማ ሲኒማዋን ከማን አገኘች? መልሱ አጭር ነው፤ ከቪዲዮ ቤት ነጋዴው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ የቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ንግድ ሲለቀቅ፣ በየመንገድ ዳሩ ከተማ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ሲኒማ ከፈተ። ካፒታሉ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ጥቂት አግዳሚ ወንበርና መስኮቱን የሚጋርድ ጨርቅ ነበር። የዕለቱ ፊልም ስም በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ በር ላይ ይቆማል። ድምፁ ወደ መንገድ እንዲሰማ ተደርጎ ይከፈታል፤ ማስታወቂያው እርሱ ነው።

ይህ ነጋዴ ምጣኔ ሀብት አልተማረም፤ ገበያውን ግን ያውቅ ነበር። የገጠሩ ደንበኛ ሳይመሽ ወደ ቀዬው ስለሚመለስ በገበያ ቀን ፊልሙ የሚታየው በቀን ነው። ለከተማው ወጣትና ለሠራተኛው ምሽቱ ይቀመጥለታል። መኸር ገብቶ እህል ሲሸጥ ቤቱ ይሞላል፤ በክረምት ይቀዘቅዛል። የመግቢያ ዋጋው ተማሪና የቀን ሠራተኛ የሚችለው ነበር። ቤቱ አንዴ ከተከፈተ አንድ ሰው ቢጨመርበት ወጪው አይጨምርምና፣ በርካሽ ሸጦ ወንበሩን መሙላት በውድ ሸጦ ባዶ ወንበር ከማየት ይሻላል። ማንኛውም የትራንስፖርት ነጋዴ የሚያውቀው ሂሳብ ነው።

የዚህ ንግድ ቁልፍ ግን ሌላ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ፊልም ወራት ሊታይ የሚችለው ተመልካቹ ስለማያልቅ ነው። በመራዊ ልክ ባለች ከተማ ግን ፊልም ለማየት ፍላጎትና ገንዘብ ያለው ሰው በሁለትና በሦስት ቀን አይቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ቪዲዮ ቤት የሚኖረው ካሴት በመለዋወጥ ነው። ዛሬ የታየው ነገ አይታይም። ነጋዴው የአሚታብ ባቻንን የሕንድ ፊልም፣ የብሩስ ሊን ካራቴና የሽዋዚንገርን «ኮማንዶ» ያበዛው የአገሩን ፊልም ጠልቶ አልነበረም። በየቀኑ የሚለወጥ ዕቃ የሚያገኘው ከዚያ በኩል ብቻ ስለነበረ ነው። የአማርኛው ፊልም ጥቂት ነው፤ ያለውም አዲስ አበባ ተቆልፎበታል።

ስሙ የጠፋ ንግድ

ቪዲዮ ቤት ነቀፋ አይገባውም ነበር ማለት አይቻልም። ለልጆች የማይገባ ፊልም ያሳዩ ነበሩ። የትምህርት ሰዓት የማያከብሩ ነበሩ። ወላጅና መምህር ያሰሙት ስሞታ ከባዶ የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ የአስተዳደሩ ምላሽ ደንብ አውጥቶ መቆጣጠር ሳይሆን በጅምላ መፈረጅ ሆነ። ቪዲዮ ቤት ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር «አዋኪ ድርጊት» በሚል አንድ መዝገብ ላይ ሰፈረ። በዘመቻ ይዘጋል፣ ዘመቻው ሲበርድ ይከፈታል። ነገ ሊዘጋ የሚችል ንግድ ደግሞ የተሻለ ወንበር አይገዛም፤ ጣሪያውን አያድስም፤ የአደጋ መውጫ በር አይከፍትም። ሕጋዊ ዋስትና የተነፈገው ነጋዴ አጭር ያልማል፤ አጭርም ይሠራል።

የቅጂ መብት ጉዳይም እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊልምን ለሕዝብ የማሳየት መብት የባለቤቱ መሆኑን ደነገገ። ትክክል ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያም የባለመብቶች የጋራ ማኅበራት ክፍያ እንዲሰበስቡ መንገድ ከፈተ። ጥያቄው ግን አንድ የመራዊ ቪዲዮ ቤት ባለቤት «ልክፈልና በሕግ ላሳይ» ቢል የት ይሄዳል የሚለው ነው። በየከተማው ወኪል፣ የታወቀ የዋጋ ዝርዝርና ደረሰኝ የሚሰጥ ጽሕፈት ቤት ሳይኖር ሕጉ የሚያውቀው ክልከላን ብቻ ይሆናል። ሕጋዊውን ዕቃ የሚሸጥ በሌለበት ሕገ ወጡ ብቸኛው ነጋዴ መሆኑ አያስገርምም።

አዲስ አበባ ላይ የቆመ ፊልም

በ1990ዎቹ አጋማሽ የዲጂታል ካሜራ መምጣት የፊልም ሥራውን ለወጠው። እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ፊልሞች በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ ሰልፍ አሰለፉ። የግል ሲኒማ ቤቶች ተከፈቱ። አምራቾች ግን የዋና ከተማውን ልማድ እንዳለ ያዙ። ፊልሙ በአዲስ አበባ የሚገኘው ገንዘብ እስኪሟጠጥ ድረስ ይቆያል፤ ቢዞርም እንደ አዳማ፣ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያሉትን ትልልቅ ከተሞች አዳርሶ ይመለሳል። በሲዲና በዲቪዲ የሚወጣው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ምክንያታቸው የስርቆት ፍርሃት ነበር። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ የሕጋዊው ዕቃ መዘግየት ሌባው የሚሠራበትን ጊዜ አስረዘመለት። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ሞፈሩን ደጅ ትቶ ማን ቆረጠው ብሎ ማልቀስ ግን የንግድ ስልት አይደለም።

የሙዚቃ ካሴት ነጋዴዎች በዚያው ዘመን ያደረጉት ከዚህ የተለየ ነበር። አዲስ የወጣ የዘፈን ካሴት ከአዲስ አበባ አከፋፋይ ተነስቶ በአውቶቡስ ተጭኖ በጥቂት ቀናት ውስጥ በየከተማው ሙዚቃ ቤት ይደርስ ነበር። ካሴትም ይሰረቅ ነበር፤ ያም ሆኖ ሕጋዊው ቀድሞ ስለሚደርስ ድርሻውን ይወስዳል። የቢራ ሳጥንም በዚሁ መንገድ እስከ ትንሿ ከተማ ደርሷል። ቢራ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ጠርሙሱም መመለስ አለበት። ፊልም በኪስ ይያዛል። ከባዱ ደርሶ ቀላሉ የቀረበት ምክንያት የመንገድ እጦት ሳይሆን የአከፋፋይ እጦት ነው።

የናይጄሪያም ልምድ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውና የአገሪቱን የቪዲዮ ፊልም ንግድ እንዳስጀመረ የሚነገርለት «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» አምራቹ ኬኔት ንኔቡዌ የኤሌክትሮኒክስና የካሴት ነጋዴ ነበር። ፊልሙን የሰደደው ወደ ሲኒማ ቤት ሳይሆን ወደ ገበያ ነው። የናይጄሪያ ፊልም በርካሽና በብዛት በየገበያው መሸጡ ስርቆትን አላጠፋም፤ ኢንዱስትሪውን ግን አቆመው። በሕንድም ለአሥርት ዓመታት ድንኳን ጭነው ከገጠር ከተማ ገጠር ከተማ የሚዞሩ ሲኒማዎች ነበሩ። ሁለቱም አገሮች ተመልካቹን ሲኒማ ቤት እስኪገነባለት አላስጠበቁትም።

ባዶውን ማን ሞላው?

ገበያ ባዶ ቦታ አይወድም። የቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ሳይነሳ ዴኩ ወደ ሲዲ ማጫወቻ፣ ቀጥሎም ወደ ዲኤስቲቪ ተቀየረ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የአርሴናልና የማንቸስተር ደጋፊዎችን በየሳምንቱ ከፍሎ የሚገባ ደንበኛ አደረጋቸው። ፊልሙ ደግሞ «ሜሞሪ እንጭናለን» የሚል ወረቀት ለጠፈው ወደነበሩት የኮምፒውተር ሱቆች ገባ፤ ደንበኛው በሞባይሉ ካርድ ላይ ፊልም በጅምላ አስጭኖ ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ በነፃ በሳተላይት አቀረበ። ያኔ የፊልም ባለሙያው ማኅበረሰብ ተቃውሞ አሰማ። ተቃውሞው የራሱ መነሻ ቢኖረውም፣ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ደጁ ድረስ የመጣለት የክፍለ ሀገር ተመልካች የአገሩ ፊልም ለምን እንዳልመጣለት የመለሰለት አልነበረም። ለእርሱ የአገሩ ፊልም ላም አለኝ በሰማይ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ወረርሽኝ ሲኒማ ቤቶችን ዘጋ፤ ብዙ ፊልምም መውጫውን ዩቲዩብ አደረገ። ዩቲዩብ ግን የሚከፍለው ማስታወቂያ ለሚበዛበት ተመልካች ነው። ዲያስፖራው የሚያስገባው ገንዘብ ከመራዊ ተመልካች ከሚገኘው እጅግ ይበልጣል። አዲሱም መንገድ ትንሿን ከተማ እንደ አሮጌው ወደ ጎን ትቷታል።

ምን ይደረግ?

ለትንሽ ከተማ ሲኒማ ቤት ይሠራ የሚለው ምክር አያዋጣም። ተመልካቹ ፊልሙን በሁለት ቀን የሚጨርስባት ከተማ ዓመቱን ሙሉ የሚከፈት ሲኒማ ቤት ልትቀልብ አትችልም። የሚያዋጣው የአገሩ ነጋዴ ከጥንት የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ገበያን በቀኑ እየተከተሉ መዞር። ጨርቅና ሸቀጥ ነጋዴው ሰኞ አንዱ ገበያ፣ ማክሰኞ ሌላው ገበያ እንደሚውለው ሁሉ፣ ፊልምም ፕሮጀክተር፣ ሸራና ጄኔሬተር በጫነ አንድ መኪና ከመራዊ እስከ ደምበጫ ሊወርድ ይችላል። አዳራሹ ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከትምህርት ቤቱ በኪራይ ይገኛል።

ለምሳሌ ያህል ይሰላ። መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ በግማሹ ይሙላ፤ መግቢያው 50 ብር ይሁን። በአንድ ከተማ ለሁለት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ ቢታይ 10,000 ብር ይገኛል። በመንገዱ ላይ ባሉት ሰባት ከተሞች በሁለት ሳምንት 70,000 ብር ይሆናል። ግማሹ ለአሳዪው ወጪና ትርፍ ቢሄድ፣ ለአምራቹ 35,000 ብር ይቀራል። በአገሪቱ እንዲህ ያሉ አሥር መንገዶች ቢኖሩ የአምራቹ ድርሻ 350,000 ብር ይደርሳል። ይህ ገንዘብ ፊልም አምራችን አያከብርም። ዛሬ ከእነዚሁ ከተሞች ከሚያገኘው ጋር ሲነጻጸር ግን ብዙ ነው። ፊልሙ ቀድሞ ተሠርቷልና ተጨማሪ የምርት ወጪም የለበትም።

ፊልም በስልክ በሚገኝበት ዘመን ማን ከፍሎ ይገባል የሚል ይኖራል። የኳሱ ቤት መልስ አለው። የጨዋታው ውጤት በስልክ በነፃ እየደረሰ ሰው ከፍሎ የገባው አብሮ ለመጮህ ነው። አብሮ መሳቅና አብሮ ማልቀስም ይሸጣል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ከመንግሥት ብዙ ገንዘብ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. የፊልም ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው እስከ ወረዳ እንዲወርድ ግን ማዘጋጃ ቤቶች የአዳራሽ ኪራይ ታሪፍና ለዟሪ አሳዪ አንድ ወጥ ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፤ በሰባት ከተማ ሰባት ፈቃድ የሚጠየቅ ነጋዴ አይነሳም። የዕድሜ ገደብና የትምህርት ሰዓት በፈቃዱ ላይ በግልጽ ይስፈር። አምራቾች በበኩላቸው ፊልሙን ለክፍለ ሀገር የሚለቁበትን ቀን ከአዲስ አበባው ሊያቀራርቡት ይገባል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን በመጀመሩ የፕሮጀክተርና የጄኔሬተር ዋጋ ከብዷል። ስለዚህ ዕቃውን በጋራ ገዝቶ በየመንገዱ ማሠራት እያንዳንዱ ለብቻው ከሚደክም ይሻላል።

ደንበኛው በስፍራው አለ። ከመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሔክታር ያህል መሬት እንዲያለማ የተሠራ ሲሆን በበጋ የሚያመርት ገበሬ ፈጥሯል። በቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል፤ ግዙፉ የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ደመወዝ የሚቀበል ወጣት የሚውልበት ከተማ፣ ወጣቱ የሚያመሽበትንም ማሰብ ይኖርበታል። ካልታሰበበት መጠጥ ቤቱና ጫት ቤቱ ያስቡለታል።

አንድ ነገር ግን ከሂሳቡ ውጭ ነው። ከ2015 ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ክልሉ በግጭት ውስጥ ገብቷል። በጥር 2016 ዓ.ም. በመራዊ በርካታ ሲቪሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። የሰዓት እላፊ በታወጀበት ከተማ የምሽት ንግድ የለም፤ መንገዱ በሚዘጋበት አገር ዟሪ ነጋዴ የለም። ከላይ የቀረበው ስሌት ሁሉ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በሰላም እንደሚመለስ ይታመናል በሚል የቆመ ነው። ያ እምነት እስኪመለስ ድረስ ምንም ታሪፍ አዳራሽ አይሞላም።

ሰላም ሲወርድ ግን ያለፉት ሠላሳ ዓመታት ስህተት እንዳይደገም መዘጋጀት ይቻላል። የመንገድ ዳር ከተሞች ነዋሪ አንድ ዴክና አንድ ቴሌቪዥን በነበረበት ጊዜ እንኳ ከፍሎ ለማየት ወረፋ ይዟል። የገበያ መኖር የተረጋገጠው ያኔ ነው። ቀጣዩ ተራ የሻጩ ነው።